የሚጣለው ሙዝና ሦስት ሲኒ ዱቄት

በዚህ ዓምድ ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ወረፋ ስንጨቃጨቅ ኖረናል። የዛሬው ጉዳዬ ግን የማጀት ጉዳይ ነው። ስለ ሙዝ ነው የምጽፈው። «ሰውየው የሚጽፈው አለቀበት እንዴ?» የሚል አይጠፋም። አላለቀብኝም። ነገሩን ከሥሩ ላጫውታችሁና ፍርዱን ለእናንተ ልተወው።

ባለፈው የነቢያት ጾም ባለቤቴ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ለሦስት ሳምንት ያህል አልጋ ላይ ነበረች። አሁን ተመስገን ድናለች። በአገራችን ሰው ሲታመም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የዕድሩ ሰው፣ የሥራ ባልደረባው ሁሉ ይመጣል። የሚመጣም ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ግማሹ ሙዝ ይይዛል፣ ግማሹ ብርቱካን ይይዛል፣ የቀረው ሁለቱንም በአንድ ፌስታል አድርጎ ይመጣል። በሦስተኛው ቀን የቤታችን ሳሎን የፍራፍሬ መደብር መሰለ። ቡፌው ላይ ሙዝ፣ ጠረጴዛው ላይ ብርቱካን፣ ወንበር ሥር ደግሞ ገና ያልተፈታ ፌስታል።

ታማሚዋ በቀን ከአንድ ሙዝ በላይ አትበላም። እኔም ብሆን ጥንቸል አይደለሁም። ሙዝ ደግሞ እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አይሰጥም። ዛሬ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ነገ ይጠቁራል፣ ከነገ ወዲያ ትንኝ ይሰበስባል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቆሻሻ ማኅበር ልጆች መጡ። የጠቆረውን ሙዝ ሁሉ ለቃቅሜ በፌስታል አወጣሁላቸው። ልጁ ፌስታሉን ወደ ማዳበሪያው ሲገለብጠው፣ ከእኛ ሁለት ቤት አልፈው የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከቅዳሴ ሲመለሱ ደረሱ። በጡረታ አበል የሚተዳደሩ ሰው ናቸው። ባለፈው እሑድ ሁለት ኪሎ ሙዝ ይዘው የጠየቁን እሳቸው ነበሩ። ማዳበሪያው ውስጥ የገባውን አዩት።

«ልጄ፣ አልተበላላችሁም እንዴ?» አሉኝ።

«እማማ፣ በዛብንና...» ብዬ ጀመርኩ፤ መጨረስ ግን አቃተኝ።

«ይሁን፤ እሷን ብቻ እግዜር ይማርልህ» ብለው አለፉ። ተቆጥተውኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያን ዕለት ማታ ሁለት ኪሎ ሙዝ ከአንድ ጡረተኛ የወር አበል ምን ያህሉን እንደሚወስድ ሳሰላ አመሸሁ።

ማጀትና ችሎት

እዚህ ላይ የሙያ ልማድ አስገድዶኝ ትንሽ ወደ ሕግ ልግባ። የእኔ ዘመን ወንዶች «ወንድ በችሎት፣ ሴት በማጀት» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ተረት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ሕግም ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባልን የቤተሰቡ የበላይ አደረገው። በአንቀጽ 646 ደግሞ ባል ለሚስቱ አገልጋይ ሊያኖርላት ካልቻለ፣ የቤቱን ሥራ መሥራት የሚስት ግዴታ ነው አለ። እንግዲህ ልብ በሉ! አገልጋይ ከሌለ ሚስት ትሠራለች። አገልጋይም ከሌለ፣ ሚስትም ከታመመች ማን ይሥራ? ሕጉ ይህን አላሰበበትም። ባል የሚባለው ሰው ከነመፈጠሩም አልታወሰውም።

እነዚህ ድንጋጌዎች በ1992 ዓ.ም. በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992 ተተክተዋል። የአዲሱ ሕግ አንቀጽ 50 ባልና ሚስት በቤተሰቡ አስተዳደር እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ስለዚህ አንቀጽ ብዙ ተናግሬያለሁ፣ ጽፌያለሁም። ነገር ግን አንቀጹን በቃሌ የማውቀው ሰውዬ የገዛ ቤቴ ዱቄት በየትኛው ዕቃ ውስጥ እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር። አዋጁ ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ አልፎትም ማጀታችን ድረስ አልዘለቀም ማለት ነው።

በማግሥቱ ዱቄቱን ፍለጋ ገባሁ። ከዱቄቱ ጋር ያገኘሁትን ልዘርዝርላችሁ፤ የፉርኖ ዱቄት፣ በሶ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ጨው፣ ቀረፋ፣ ኮረሪማ፣ ጥቂት ለውዝ። የእናንተም ቤት ከዚህ ብዙ የሚለይ አይመስለኝም። ከእነዚህና ሊጣል ከደረሰ ፍራፍሬ፣ ለእንግዳ የሚቀርብ፣ ለጾም የሚሆን ጣፋጭ ይወጣል። ኦቭን አያስፈልገውም፤ እንቁላል፣ ቅቤና ወተትም አይገቡበትም።

የእጥረት ልጅ

ይህ ምግብ እኔ የፈጠርኩት አይደለም። እንግሊዞች «ክራምብል» ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ «ፍርፋሪ» ማለት ነው። ፍራፍሬ ከሥር ይደረጋል፤ ከዱቄት፣ ከስብና ከስኳር በጣት የታሸ ፍርፋሪ ከላይ ይነሰነሳል፤ ከዚያ ይጋገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንደተስፋፋ ይነገራል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1940 ጀምሮ ቅቤና ስኳር በራሽን ሆኑ፤ ራሽኑ ሙሉ በሙሉ የቀረው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ፍራፍሬን በሊጥ ሸፍኖ ለመጋገር ብዙ ቅቤ ይፈልጋል። ፍርፋሪ ግን በጥቂት ስብ ይሠራል፤ ሊጥ የመዳመጥ ሙያም አይጠይቅም። ዘይትና ስኳር ፍለጋ በሸማቾች ማኅበር ደጃፍ ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው የዚያን ዘመን የእንግሊዝ እናቶች ችግር ለመረዳት አስተርጓሚ አይሻም። «ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም» እንዲሉ፣ በቤታቸው ያለውን ወረወሩ፤ ምግቡም ከጦርነቱ በኋላ ቀረ።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጭኮ የበላ ሰው ግማሹን መንገድ ያውቀዋል። በሶ በቅቤ ሲለወስ ጭኮ ይሆናል። የተቆላ እህል ዱቄት ስብ ሲጠጣ ምን ዓይነት ጣዕም እንደሚሰጥ አያቶቻችን ከእንግሊዞቹ ራሽን በፊት ያውቁ ነበር። እኛ የምንጨምረው ፍራፍሬውን ብቻ ነው።

ሦስት፣ አንድ፣ አንድ

የዚህ ጣፋጭ ሕገ መንግሥት ሦስት ቁጥሮች ናቸው፤ ሦስት፣ አንድ፣ አንድ። ሦስት ሲኒ ዱቄት፣ አንድ ሲኒ ስኳር፣ ከአንድ ሲኒ በጥቂቱ ጎደል ያለ ዘይት። መስፈሪያው የቡና ሲኒ ነው። ይህን ካወቃችሁ ለሁለት ሰውም ሆነ ለሃያ ሰው ማስላት ትችላላችሁ። የቀረው ሁሉ ዝርዝር መመሪያ ነው።

ለአራት ወይም ለአምስት ሰው የሚበቃው እነሆ፦

ለፍራፍሬው፦ 6 መካከለኛ የበሰለ ሙዝ፣ 2 ብርቱካን፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ስኳር።

ለፍርፋሪው፦ 2 ሲኒ የፉርኖ ዱቄት፣ 1 ሲኒ በሶ (በሶ ከሌለ 3ቱም ሲኒ የፉርኖ ዱቄት ይሁን)፣ 1 ሲኒ ስኳር፣ ከ1 ሲኒ ጎደል ያለ ዘይት፣ ቁንጥር ጨው፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ቀረፋ ወይም ኮረሪማ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። እጅ ላይ ካለ ተቆልቶ የተከካ አንድ እፍኝ ለውዝ።

መጀመሪያ ፍርፋሪው ይሠራል። ዱቄቱን፣ በሶውን፣ ጨውንና ቀረፋውን በጎድጓዳ ሳህን ቀላቅሉ። ዘይቱን በቀስታ እያንጠባጠባችሁ በጣታችሁ ጫፍ እሹት። ውሃውን ረጭ አድርጉበትና ሽምብራና አተር የሚያህል ጓል እስኪሠራ ድረስ ማሸታችሁን ቀጥሉ። መሆኑን ለማወቅ ጥቂቱን በእጃችሁ ጨብጡት፤ ሲጨበጥ የሚያያዝ፣ በጣት ሲነካ የሚፈረካከስ ከሆነ ደርሷል። ከደረቀ ትንሽ ዘይት፣ እንደ ሊጥ ከተለጠጠ ትንሽ ዱቄት ጨምሩ። ስኳሩን ገና አትንኩት።

ከዚያ ወፈር ያለ መጥበሻ በመጠነኛ እሳት ላይ አድርጉና ፍርፋሪውን በትኑበት። ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ያህል ቀስ እያላችሁ አገላብጡት። ጓሎቹ እንዳይደቁ በማማሰያ ከመደብደብ መጥበሻውን መነቅነቅ ይሻላል። መልኩ የገብስ ቆሎ ሲመስልና ቤቱን የተቆላ እህል ሽታ ሲሞላው አውርዱት፤ ወዲያው ወደ ሰፊ ሳህን ገልብጡት። ትኩሱ መለስ ሲል ስኳሩንና ለውዙን ቀላቅሉ።

ቀጥሎ ፍራፍሬው። ከአንዱ ብርቱካን ልጣጭ የላይኛውን ባለ ቀለም ክፍል ብቻ በመፈቅፈቂያ ፈቅፍቁ፤ ነጩ ይመራል። ሁለቱንም ብርቱካን ጨምቁና ጭማቂውን ከአንድ ማንኪያ ስኳር ጋር በድስት አፍሉት። ግማሽ ያህል እስኪሆን ሦስት አራት ደቂቃ ይበቃዋል። በአውራ ጣት ውፍረት የተቆረጠውን ሙዝና የተፈቀፈቀውን ልጣጭ ጨምሩበት። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ብቻ! ሙዝ በእሳት ላይ ከቆየ ገንፎ ይሆናል። አታማስሉት፤ ድስቱን ይዛችሁ አዘንብሉት።

ፍራፍሬውን በየሳህኑ አድርጉና ፍርፋሪውን ከላይ ነስንሱበት። አለቀ። ከዱቄቱ መታሸት እስከ መቅረቡ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። መብራት ከጠፋም በከሰል ይሠራል።

ኦቭን ያላችሁ ደግሞ ፍራፍሬውን ሳታፈሉ ከጭማቂው ጋር በመጋገሪያ ዕቃ አድርጉት። ያልተቆላውን ፍርፋሪ ስኳሩን ጨምራችሁ ከላይ በትኑና በ180 ዲግሪ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ አቆዩት።

ከሽንፈት የተገኘ ትምህርት

የመጀመሪያው ሙከራዬ ይግባኝ የማይባልበት ሽንፈት እንደነበር ልሸሽጋችሁ አልፈልግም። ስኳሩን ከዱቄቱ ጋር አብሬ መጥበሻ ላይ ጨመርኩት። ስኳር መጥበሻውን በቀጥታ ሲነካ ዱቄቱ ሳይበስል ቀድሞ ይቀልጣል፣ ይጣበቃል፣ ያርራል። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሆና «አንተ ሰውዬ፣ ምንድነው የሚቃጠለው?» ስትል ድምፅዋ ውስጥ ከኦፕራሲዮኑ ወዲህ ያልሰማሁት ጉልበት ነበር። መጥበሻውን ለማጽዳት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ስኳር በመጨረሻ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ስሕተቴ መቸኮል ነበር። የስንዴ ዱቄት ጥሬ ነው፤ በደንብ ካልተቆላ ጥርስ ላይ ይጣበቃል፣ ለሆድም አይስማማም። በሶ ግን ገብሱ ሳይፈጭ የተቆላ በመሆኑ ይህ ችግር የለበትም። ኦቭን በሌለበት ቤት በሶ ባለውለታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው፣ ፍርፋሪውን አስቀድሜ ፍራፍሬው ላይ አድርጌ እንግዳ መጠበቄ ነው። ፍርፋሪ እርጥበት ይጠጣል፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የቀረበው ነገር ከገንፎ አይለይም ነበር። የተቆላው ፍርፋሪ በደንብ ቀዝቅዞ ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ቢቀመጥ ግን ሳምንት ያህል ይቆያል። እንግዳ ሲመጣ ፍራፍሬውን ብቻ ማዘጋጀት ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ይደርሳል።

ሌላ ፍራፍሬ ቢሆንስ?

በየወቅቱ የሚገኘው ፍራፍሬ ይለያያል፤ ሕጉ ግን አይለወጥም። ፍራፍሬን በሦስት ወገን ከፍላችሁ ተመልከቱት።

የመጀመሪያው ለስላሳው ወገን ነው፤ ሙዝ፣ የበሰለ ማንጎ፣ ፓፓያ። እነዚህ እሳት የሚፈልጉት ለአፍታ ነው። ጣፋጭነት እንጂ ኮምጣጣነት ስለሚጎድላቸው የብርቱካን ወይም የሎሚ ጭማቂ ያስፈልጋቸዋል። በተለይ ፓፓያ ያለ ሎሚ አይሞከርም።

ሁለተኛው ጠንካራው ወገን ነው፤ ኮክና ፖም። በክረምት ልጆች በየመንገዱ የሚሸጡት ያ ጠጣርና ኮምጣጣ ኮክ ጥሬውን ሲበላ ጥርስ ያጠርሳል፤ ለዚህ ሥራ ግን ተወዳዳሪ የለውም። የጨንቻ ፖምም እንዲሁ ነው። ተልጠውና ተቆርጠው፣ ከሁለት ማንኪያ ስኳርና ከጥቂት ውሃ ጋር ድስቱ ተከድኖ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይበስላሉ። አንድ ሁለት ፍሬ ቅርንፉድ ቢጨመር አይከፋም።

ሦስተኛው ውሃ የሚያበዛው ወገን ነው፤ ዋነኛው አናናስ ነው። የሚያወጣውን ውሃ ለማወፈር አንድ የሻይ ማንኪያ ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጦ መጨመርና ጥቂት ማፍላት ይበቃል። አናናስና ሙዝ አንድ ላይ ሲሆኑ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ስኳር ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ተምር አለላችሁ። ከሙስሊም ጎረቤት ቤት ለረመዳን የተገዛ ተምር ሲተርፍ የማይደርሰው የአዲስ አበባ ቤት ጥቂት ነው። ፍሬው ወጥቶ፣ ተከትፎ ከፍራፍሬው ጋር ቢበስል ለፍራፍሬው የሚገባውን ስኳር ሙሉ በሙሉ ይተካል። ጾም ሲፈታ ደግሞ ዘይቱን በለጋ ቅቤ መለወጥ ነው።

የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ይህን ምግብ «ፍራፍሬ ነው» ብሎ እንዳይዘናጋ አደራ እላለሁ። ሙዝ እየበሰለ ሲሄድ በውስጡ ያለው ስታርች ወደ ስኳር ይለወጣል። የጠቆረ ሙዝ የሚጣፍጠው ለዚህ ነው፤ ፍራፍሬው ላይ የምንጨምረውን ስኳር መቀነስ የምንችለውም ለዚህ ነው።

የጠቆረና የተበላሸ

ሁሉም የጠቆረ ይበላል ማለቴ አይደለም። ልጣጩ የጠቆረ፣ ውስጡ ለስልሶ መልካም ሽታ ያለው ሙዝ በስሏል እንጂ አልተበላሸም። ጠላ ጠላ የሚሸት፣ ውሃ የሚያንጠባጥብ ወይም ሻጋታ የያዘ ከሆነ ግን ያለ ርኅራኄ ይጣል። ለስላሳ ፍራፍሬ ላይ የወጣ ሻጋታ በዓይን ከሚታየው አልፎ ወደ ውስጥ ስለሚዘልቅ ቆርጦ ጥሎ የቀረውን መብላት አያዋጣም።

ፍራፍሬ ቶሎ እንዳይበላሽ ደግሞ ሙዝን ለብቻው አስቀምጡት። ሙዝ ሲበስል ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ይህ ጋዝ አጠገቡ ያለውን ማንጎና አቮካዶ ያጣድፋል። ፍሪጅ ያላችሁ የበሰለውን ሙዝ አስገቡት። ልጣጩ ይጠቁራል፤ ውስጡ ግን ጥቂት ቀናት ይታገሣል።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ጥናት፣ በዓለም ላይ ለሰው ምግብነት ከሚመረተው አንድ ሦስተኛው፣ በዓመት 1.3 ቢሊዮን ቶን ያህል፣ ይጠፋል ወይም ይጣላል ብሎ ነበር። ይህን ቁጥር ቀድሞም አውቀው ነበር፤ አንድም ቀን እንቅልፍ ነስቶኝ አያውቅም። እንቅልፍ የነሳኝ የአንዲት ጡረተኛ ሁለት ኪሎ ሙዝ ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ ፍራፍሬ ስጥል በፌስታሉ ውስጥ የማየው የሰውን ልፋት ነው። ያመጣው ሰው ታክሲ ትቶ በእግሩ መጥቶ ይሆናል።

በሦስተኛው ሙከራ ነገሩ ሲሰምርልኝ ከባለቤቴ በፊት አንድ ሳህን ለእማማ ወሰድኩ። ከቅዳሴ ተመልሰው፣ ነጠላቸውን ሳያወልቁ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ምንም ሳልናገር ሰጠኋቸው። አንድ ማንኪያ ቀመሱ፣ ደገሙ።

«ጭኮ ነው እንዴ? በጾም?» አሉ።

«በዘይት ነው እማማ። ከሥሩ ያለው ሙዝ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ወደ ሳህኑ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ። «ዘይት አብዝተህበታል» አሉ። ቀጠሉና «ሙዙ ግን ጥሩ ነው» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው፤ ያን ቀን አንድ ሙሉ ሲኒ ዘይት ነበር የጨመርኩት። ከላይ «ከአንድ ሲኒ ጎደል ያለ» ብዬ የጻፍኩላችሁ በእሳቸው ፍርድ ነው።